ኤንትሬ፦ የእኛው ጉልበተኛ

"መስል ካር" ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፊልም ላይ ያየነው ፎርድ ሙስታንግ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ትልቁ ሞተሩ 4.7 ሊትር ነበር። በአገራችን ዳገትና ቆላ ጭነት ሲጎትት የኖረው ኤንትሬ፣ ማለትም ፊያት 682 ኤን 3፣ ግን ከ10 ሊትር በላይ ነው። ታዲያ ጉልበተኛው ማን ነው?

ነገሌ ቦረና የጣሊያንን ካሚዮን ያየችው በክፉ ቀን ነው። በጥር 1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ በካሚዮንና በአውሮፕላን ታግዞ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ገናሌ ዶሪያ ላይ መታ፤ ከተማዋንም ያዘ። በኋላ "የነገሌ ማርኪዝ" ተባለበት። ወረራው በ1933 ዓ.ም. አከተመ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ ግን በመካኒኮቻችን አፍ ቀሩ።

ኤንትሬ ከዚያ በኋላ በንግድ የመጣ ነው። ሲወድቅ ከሞተ ወንድሙ ዕቃ ይፈታለታል፤ ያልተገኘው ቶርኖ ቤት ይቀረጻል፤ የተበላው ቀፎ በላሜራ ይበየዳል። አሜሪካኖቹ አሮጌ መኪና የሚያስነሱት ለትዝታ ነው፤ እኛ ለእንጀራ። ታሪክ ብለን የማንቆጥረውም ለዚህ ይሆናል።

ማርኪዙን መጽሐፍ መዝግቦታል። ካሚዮኑን ከሞት ያስነሱትን ሽማግሌ መካኒኮችስ፣ ሳያልፉ ማን ይጠይቅልን?