ቀባሪ የማያሳጣ ጨዋነት፦ የአዲስ አበባ እድር ታሪክ

ሰላምታ የማያጓድል፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው በሰፈሩ ይመሰገናል። ምስጋናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአሳዳጊዎቹ ነው፤ «የጨዋ ልጅ ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። እንዲህ ያለው ጠባይ የሰውየው ጌጥ ተደርጎ ይታያል እንጂ ከተማን የሚያቆም ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ እድር ታሪክ ሌላ ነገር ይናገራል። ባንክ የማያውቃቸው፣ መድን ድርጅት ያልደረሰላቸው፣ ዘመዶቻቸውን አገር ቤት ትተው የመጡ ሰዎች አንዱ ለሌላው ዋስ መሆን የቻሉት በዕለት ተዕለት ጨዋነት ነበር። እድር ያንን ጨዋነት በመተዳደሪያ ደንብ አሰፈረው፣ መዝገብ አበጀለት፣ ሲጓደልም ቅጣት ቆረጠለት። ማኅበሩ ዘውዳዊውን ሥርዓትና ደርግን ተሻግሮ እስከ ዛሬ የዘለቀው ካዝናው ሞልቶ ስለተረፈ አይደለም። አባላቱ አዘውትረው ስለሚተያዩና ስለሚከባበሩ ነው።

በገጠር ሰው ሲሞት ቀባሪ ማነው የሚል ጥያቄ አይነሳም። ዘመድ አለ፣ አጥቢያ አለ፣ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አለ። ማን ለማን ምን እንደሚገባው ከትውልድ ትውልድ የታወቀ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ግን ይህ የተሰናዳ ዝምድና አልነበራትም። ሰፈሮቿ በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ፣ በሠራዊቱና በባለሙያው አሰፋፈር የበቀሉ ናቸው፤ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ። ወታደሩ ከአንዱ አገር፣ ነጋዴው ከሌላው፣ ሸማኔው ከዶርዜ፣ ገበያውን የሞላው ብዙ ሰው ከጉራጌ መጣ። በአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ቋንቋቸው፣ ሃይማኖታቸውና የአገር ቤት ልማዳቸው የተለያየ ሆነ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል እንዲህ ባለ ቦታ ምክር ብቻ አይደለም። ዘመዱ የብዙ ቀን መንገድ ለሚርቀው ከተሜ የኑሮ ግዴታ ነው።

ግዴታው ሳይሟላ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ከተማዋ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አይታለች። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ ሺዎች ሞቱ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች በሰፊው የተናገሩት የሟቹን ብዛት ብቻ አልነበረም። ቀባሪ መጥፋቱን፣ አስከሬን በየቤቱ መቅረቱን፣ ጅብ መድፈሩን አብዝተው አውስተዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠሉ ልማድ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያን በሽታ መታሰቢያ ይዞ ቀርቷል። እድርን የወለደው ይህ ወረርሽኝ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም የኅዳር በሽታ አንድ ነገር ገሃድ አውጥቷል፤ በከተማ ሰው ሞቶ በወጉ መቀበሩ በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም፣ አስቀድሞ የተሰናዳና የሚተማመን ሰው ይፈልጋል።

የእድርን አጀማመር አጥኚዎች በአንድ ቃል አይናገሩም። አንዳንዶቹ ከጉራጌ ነጋዴዎች መረዳጃ ጋር ያያይዙታል። ሌሎች በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ መስፋፋቱን ያጎላሉ። የማያከራክረው የሃያኛው መቶ ዘመን የከተማ ፍሬ መሆኑና በፍጥነት መዛመቱ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን መረዳዳት ሲጽፉ እድር ሊታለፍ የማይችል ተቋም ሆኖ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ደነገገ፤ በዚያው አሥርት መጨረሻ ላይ ደግሞ ማኅበራት እንዲመዘገቡ የሚያዝዝ ደንብ ወጣ። ከሰፈር እድር ጎን የመሥሪያ ቤት እድር፣ የሴቶች እድር፣ የአገር ልጆች እድር ተበራከተ። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት እድር መግባቱም የተለመደ ሆነ።

እድር በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። አባላት በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ዳኛ፣ ፀሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ብረት ድስትና ሰሃን ይገዛሉ። ሞት ሲደርስ ጡሩምባ ነፊው ሌሊት ዞሮ ያስታውቃል፣ የተወሰነው ገንዘብም ለሐዘንተኛው ይሰጣል። መድን ድርጅትም በመሠረቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ መድን ድርጅት ደንበኛውን ስለማያውቀው መርማሪ፣ ማስረጃና ጠበቃ ማስፈለጉ ነው። እድርተኛ ግን ቡና ይጠራራል። የማን እናት እንደደከመች፣ የማን ወንድም ሐኪም ቤት እንደተኛ፣ ማን አክስቱ ዘንድ እንዳደገ ሲኒው እየተቀዳ ይታወቃል። ደንቡ ለአባል፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለወንድምና እህት የሚከፈለውን ለየብቻ ሲወስን «ይህ ሰው በእርግጥ ወንድምህ ነው?» ብሎ የሚመረምር ሠራተኛ መቅጠር አላስፈለገውም። ቤተሰብን አንድ በአንድ እየጠሩ «እንዴት ናቸው?» ማለትን እንግዳ ሰው የቃላት ማንዛዛት አድርጎ ያየው ይሆናል። በሰፈሩ ግን በየቀኑ የሚታደስ መዝገብ ነው። ጥቅሙም በገንዘብ ይተመናል፤ ብር ማጣራት ላይ ስለማይባክን ትንሽ መዋጮ ትልቅ ሐዘን ለመሸፈን ይበቃል።

ገንዘቡ ደግሞ የእድር ግማሹ እንኳ አይደለም። አብዛኛው ደንብ ስለ መገኘት ነው፤ ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፣ አዘውትሮ የቀረ ይሰረዛል። ስብሰባ ላይ የተሳደበ፣ ዳኛውን ያዋረደ፣ ሳይፈቀድለት የተናገረም መቀጮ አለበት። በለቅሶ ቤት ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ያድራሉ። እስከ ሰልስት ቤቱ ባዶ አይሆንም። የመርዶው ሥርዓት ይህን ሁሉ ይቀድማል። መርዶ በሌሊት አይነገርም፣ ለብቸኛ ሰው አይነገርም፣ እንደ ዋዛ በስልክ አይጣልም። አስቀድሞ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ተጠራርቶ ይመክራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ንጋት ላይ በአንድነት ተሂዶ ይረዳል። ክፉ ወሬ የሰማ ሰው በዚያች ቅጽበት ደጋፊ እንዳያጣ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ኢትዮጵያዊ አባቱ አገር ቤት ሲሞት ወዳጆቹ ሥራ ከመግባቱ በፊት ማልደው በሩን የሚያንኳኩት ይኸው ወግ ባሕር ስለተሻገረ ነው። ዛሬ ማኅበራዊ ሚዲያ ሽማግሌዎቹን ቀድሞ የሟችን ፎቶ ሲለጥፍ ብዙዎች የሚቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የታለፈው ሥርዓት ሐዘንተኛውን ለመጠበቅ የተበጀ ነበርና።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል። በቅጣት የመጣ ጨዋነት ምን ጨዋነት ነው? መቀጮ ፈርቶ ቀብር የቆመ፣ በይሉኝታ ድንኳን ገብቶ ካርታ ሲጫወት የሚያመሽ ሰው ሐዘን ተካፈለ ይባላል? ትዝብቱ እውነት አለው፤ በየለቅሶ ቤቱ ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ተቃውሞው ጨዋነትን ከስሜት ጋር አንድ ያደርገዋል። ሐዘንተኛዋ በሦስተኛው ሌሊት የሚያስፈልጋት የጎረቤቶቿን ልብ መመርመር አይደለም፤ ቤቷ በሰው ድምፅ መሞላቱ ነው። ስሜት ይመጣል ይሄዳል፣ ልማድ ግን ይጸናል። ደንቡም የተጻፈው ወዳጅ ለወዳጅ እንዲያለቅስ አይደለም፤ ያ ሳይጻፍም ይሆናል። የተጻፈው ለማንወደው፣ ለተጣላነው፣ በቅጡ ለማናውቀው ጎረቤትም እንድንቆም ነው። ከዝምድና ወደ ከተሜነት የተደረገው ትልቁ እርምጃ ይህ ይመስለኛል። ሹሙም የቀን ሠራተኛውም እኩል ያዋጣል፣ እኩል ይቀጣል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ መቃብራቸው ቢለያይም ድንኳናቸው አንድ ነው። ክብር በትውልድ በሚለካበት አገር እድር በመገኘት የሚለካ ክብር አመጣ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። እድር በር አለው፣ በሩም ሁሉንም አያስገባም። መዋጮ መክፈል የማይችለው ድኻ፣ በየጊዜው ሰፈር የሚለውጠው ተከራይ፣ ጎረቤት በክፉ ዓይን የሚያየው ሰው ውጭ ሊቀር ይችላል። ሰፈር እርስ በርሱ መተዋወቁም ሁልጊዜ በረከት አይሆንም፤ ሐሜትን ያሠለጥናል፣ ገመናን ይገልጣል። የለቅሶው ድግስና የባከነው የሥራ ቀንም ሲያስወቅስ ኖሯል። ይህን ሁሉ መካድ አያስፈልግም። ግን እድር ራሱን የማረም አቅም እንዳለው ኤች አይ ቪ ኤድስ በከፋበት ዘመን ታይቷል። በ1990ዎቹ ሞት ሲደጋገም ካዝናዎች ተራቆቱ፣ ወጣቶች በረድፍ ተቀበሩ። መጀመሪያ በብዙ ቦታ የሰፈነው ዝምታና መገለል ነበር። ቆይቶ ግን አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን ለውጠው በሕይወት ያለውን በሽተኛ ማስታመም፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት፣ ስለ በሽታው ማስተማር ጀመሩ። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለማርያም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት እድር በኤድስ መከላከል ሊኖረው የሚችለውን ሚና የመረመሩት ለዚህ ነበር። ለመሆኑ በየቤቱ ማን እንደታመመ አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ያለ ጥርጣሬ በር ከፍቶ መግባት የሚችል ማን ነበር? ለሐሜት የተመቸው ቅርበት ለማስታመምም ተመቸ።

መንግሥታት የዚህን ቅርበት ኃይል ከጥንት ያውቁታል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ እድሮች ለልማት ሥራ እንዲተባበሩ ይጋበዙ ነበር። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወርሶ ቀበሌን ሲያቋቁም የሰፈሩ ጉዳይ ወደ ቀበሌ ዞረ፤ እድር ከቀብር እንዳያልፍ ተገደበ። ይህ ክፍፍል ራሱ ያስተምራል። ቀበሌ ሥልጣን፣ ማኅተምና የጦር መሣሪያ ነበረው። ቢሆንም ሰው በፈቃዱ ገንዘቡን ያወጣው፣ ሐዘኑንም ያመጣው ወደ እድሩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መሰባሰብና መጨባበጥ ሲከለከል ደግሞ የእድር መዋጮው እያለ ድንኳኑ ታጠፈ። ብዙ ሐዘንተኛ ያኔ ያማረረው ስለ ክፍያ አልነበረም፤ ወገኑን ያለ ሰው በመቅበሩ ነበር። ገንዘቡ ባለበት ቆይቶ ሰው ብቻ ሲቀነስ ይህን ያህል የጎደለ ከሆነ፣ የተቋሙ ዋና ሀብት የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

«ጊዜው አልፎበታል» የሚሉም አሉ፤ ከተሜው ፎቅ ላይ ወጥቷል፣ መድን ድርጅትም ሞልቷል ይላሉ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። በዕጣ የተገናኙ፣ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ የማይተዋወቁ ሰዎች የገቡባቸው ሕንፃዎች ናቸው። በእነዚህም ግን ነዋሪው ሳይውል ሳያድር እድር አቋቁሟል። አጀማመሩ የድሮዋን አዲስ አበባ ይመስላል፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የቡና ጥሪ፣ ከዚያ ስብሰባና ደንብ። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድሮችም አስከሬን ወደ አገር የመላኩን ከባድ ወጪ በመዋጮ ይሸፍናሉ። እነዚህ ሰዎች መድን በሞላበት አገር እየኖሩ እድር የሚገቡት አስከሬኑን በወጉ የሚሸኝ፣ ቤተሰቡንም የሚያጽናና ሰው መድኑ ስለማያቀርብላቸው ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለግለሰቡም ለከተማ አስተዳዳሪውም ነው። ግለሰቡ ጎረቤቱን ሰላም ሲል፣ የታመመ ሲጠይቅ፣ ለቅሶ ሲደርስ በጎ ከማድረጉ ባሻገር በክፉ ቀን የሚቆምለትን ተቋም እየገነባ ነው። ይህ ግንባታ ደግሞ ችግር ከመጣ በኋላ አይጀመርም። የከተማ አስተዳዳሪው በበኩሉ ሰፈር ሲያፈርስ የሚያፈርሰው ቤት ብቻ አለመሆኑን ማወቅ አለበት። የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቤትና ከንብረት ባሻገር ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል መደንገጉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ጉርብትና ዋጋ ያለው ሀብት መሆኑን ሕጉ አምኗል። ነገር ግን ካሳው ለእያንዳንዱ ለየብቻው የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ የጠፋው ግን ማንም ለብቻው መልሶ ሊገዛው አይችልም። ተነሺዎች በእጣ ከመበተን ይልቅ በእድራቸው ተያይዘው ቢሰፍሩ፣ ለድንኳንና ለስብሰባ የሚሆን ቦታም በአዲሱ መንደር ፕላን ላይ ቢቀመጥላቸው፣ ብር የማይተካው ነገር በእጅጉ ባነሰ ወጪ ይተርፋል።