የሬስቶራንት ጭስ ማውጫ የሚያጸዳ ሰው ምን መማር፣ ምን ወረቀት መያዝ አለበት?

ማራኪ ላይ ማታ ወጣ ካላችሁ የጥብስ ሽታ ይቀበላችኋል። ከኪችኑ የሚወጣው ጭስ ግን ብቻውን አይደለም፤ የተነነ ቅባት ይዞ ነው። ቅባቱ ከምድጃው በላይ ባለው ሁድ፣ በቱቦውና ጣሪያ ላይ ባለው ፋን ውስጥ እየቀዘቀዘ ይለጠፋል። አንድ ቀን ከመጥበሻው የተነሳ ነበልባል ካገኘው እሳቱ በቱቦው ሽቅብ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። በተለይ ጥምቀት ሲደርስና ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ምድጃው እረፍት የለውም።

ስለዚህ ሁዱ ከፊት ቢያብረቀርቅም ቱቦውና ፋኑ ካልጸዱ ሥራው አልተሠራም።

📌 የዓለም ደረጃው ምን ይላል?

በብዛት የሚጠቀሰው የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው ኤንኤፍፒኤ 96 ነው። ሥራውን የሚሠራው የሠለጠነ፣ ብቃት ያለውና የተመሰከረለት ሰው እንዲሆን ያዛል። ምስክር ወረቀት ከሚሰጡት አንዱ በ1989 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አይኬካ የተባለው የጭስ ማውጫ አጽጂዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው። ቴክኒሽያኑም፣ ስፔሻሊስቱም፣ ኢንስፔክተሩም የየራሳቸው ምስክር ወረቀት አላቸው።

📌 ሠልጣኙ ምን ማወቅ አለበት?

👉 መብራት፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፋኑን አጥፍቶ ማንም በስህተት እንዳያበራው መቆለፍ
👉 ኬሚካል፦ ቤንዚንና ሌላ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ክልክል ነው። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ማጽጃ ደግሞ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል
👉 ከፍታ፦ መሰላልና ጣሪያ ላይ ሳይወድቁ መሥራት
👉 ልኬት፦ የቅባቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ ማጽዳት ግድ ነው
👉 ሪፖርት፦ ማን፣ መቼ እንዳጸዳና የትኛው ቦታ ሳይጸዳ እንደቀረ በጽሑፍ መተው

📌 በስንት ጊዜ ይፈተሽ?

በከሰል ወይም በእንጨት የሚሠራ በየወሩ፣ 24 ሰዓት የሚሠራ ወይም ብዙ የሚጠብስ በየ3 ወሩ፣ መካከለኛው በየ6 ወሩ፣ አልፎ አልፎ የሚሠራ በዓመት አንዴ። ልብ በሉ፦ በከሰል የምትሠራው ትንሿ ጥብስ ቤት በጋዝ ከሚሠራው ትልቅ ሆቴል ቀድማ መታየት አለባት!

📌 እኛ አገርስ?

የሙያ ብቃት የሚረጋገጠው በሲኦሲ ነው፤ የጽሑፍም የተግባርም ምዘና አለው። ወረቀቱ ግን የሚያገለግለው ለተመዘናችሁበት ሙያ ነው። የኤሌክትሪክ ወይም የምግብ ዝግጅት ሲኦሲ መያዝ ቱቦ ለማጽዳት ብቁ ናችሁ ማለት አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳና የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አስተናጋጅ ወይም ዕቃ አጣቢ ሆናችሁ «እስቲ ወጣ በልና ፋኑን አጽዳው» ከተባላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፦ መብራቱ ተቆልፏል? ጓንትና መነጽር አለ? ሥራውን ማን ያሳየኛል? መልሱ «የለም» ከሆነ አትውጡ።

የሬስቶራንት ባለቤቶችም ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሥልጠናውን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ሥራው ሲያልቅም የቱቦውንና የፋኑን ውስጥ በፎቶ ተቀበሉ፤ የሁዱን ፊት እናንተም ታዩታላችሁ።

ኪችን ውስጥ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።