የክት ሲኒ፣ የዘወትር ሲኒ



በየቤታችን ረከቦት ላይ የሚደረደረው ሲኒ ስሙን ያመጣው ከሩቅ ነው። ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል፤ ከቻይና የመጣውን ደግሞ «ሲኒ»። እኛም ጠዋት ጠዋት «ሲኒውን አቀብዪኝ» ስንባባል፣ ሳናስበው «ቻይናዊውን አቀብዪኝ» እያልን ነው። «ፍንጃል» የሚለውም ስም የዐረብኛው «ፊንጃን» ነው። ዛሬ ገበያ ወጥተን የምንገዛቸውን ሲኒዎች ገልብጠን ብናይ አብዛኞቹ ታችኛው ላይ የተሠሩበትን አገር ጽፈዋል፤ ያው ቻይና ነው። ስሙና ዕቃው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንደገና ተገናኝተዋል ማለት ነው።

የዕቃው መንገድ በባሕር ነበር። ከሩቅ ምሥራቅ ወደ ሕንድና ወደ ዐረብ አገር፣ ከዚያ ወደ ዘይላና ወደ ምጽዋ፣ ከወደቦቹ በግመልና በበቅሎ ወደ ላይ። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በምትባለው ቦታ የቆፈሩ የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች ከመካከለኛው ዘመን ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችን አግኝተዋል፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓለም ተነግሯል። በዜናው የተወራው ስለ ንግድና ስለ ነጋዴዎች ነው። እኛ ግን ስናነበው ትዝ ያለን ሌላ ነው፤ ስብርባሪ የሚጣልበት ጓሮ ካለ፣ ዕቃውን የምታጥብ፣ የምትደረድር፣ ልጅ እንዳይሰብረው ከፍ አድርጋ የምታስቀምጥ ሴትም ነበረች።

እንዲህ ያለ ዕቃ ከመብዛቱ በፊት የደገኛው ቤት መጠጫ ዋንጫ፣ ቅልና ሸክላ ነበር። ከቀንድ የተሠራ ዋንጫ፣ ለጠላ የሚሆን ሸክላ፣ ለባለጠጋው ለጠጅ ብርሌ። ለቡና የሚሆን መጠጫ ግን በብዙ ክርስቲያን ቤት አልነበረም፤ ምክንያቱም ቡናው ራሱ አልነበረም። ይህን ስንናገር የሚገረሙ እኅቶች አሉ። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ድረስ በደጋው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቡናን የእስላምና የኦሮሞ መጠጥ አድርገው ያዩት ነበር፤ የሚጠጣውንም ይነቅፉት ነበር። ነገሩ የላላው ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ሲጠጡ፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ሲያበርዱ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት» የምንለው የቡና ሥርዓት በብዙ ክርስቲያን ቤት ዕድሜው መቶ ዓመት አለፍ ያለ ብቻ ነው። ጠብቀው ያቆዩልን የወሎ፣ የሐረርና የጅማ እናቶች ናቸው። ምስክሩም አፋችን ላይ አለ፤ አቦል ከዐረብኛው «አወል»፣ ቶና ከ«ታኒ»፣ በረካ ደግሞ በረከት ከማለት የመጡ ናቸው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ በረከት። ከጎረቤት የተማርነው ነው ማለት ቡናውን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ቡና የሚጠጣው ከጎረቤት ጋር ነውና ትምህርቱም ከዚያው መምጣቱ ተገቢ ነው እንላለን።

ሲኒን ከባለጠጋ ቤት አውጥቶ ወደ ደሃ ቤት ያስገባው ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በግመል ጀርባ ሲጓዝ እየተሰበረ የሚወደደው ዕቃ በሣጥን ታሽጎ በፉርጎ መምጣት ጀመረ። ከሲኒው ጋር ብርጭቆው፣ ሳህኑ፣ ማንቆርቆሪያውና አቡጀዲው መጣ።

ዕቃን ለዓይን ደስታ በማኖር ረገድ ግን ማንም ከሐረር ሴቶች አይቀድምም። የሐረሪ ቤት የገባች እኅት ታውቀዋለች፤ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች፣ ከመደቦቹ በላይ ያለው ግድግዳ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በስፌት፣ በሳህንና በጎድጓዳ ዕቃ የተሸፈነ። ስፌቱን እናት ለልጇ ታስተምራለች፤ ሙሽራይቱ የራሷን ሰፍታ ትገባለች። ቤቱ ጠባብ ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳው ግን አይራብም። ሐረሮች ደግሞ ለሠርግና ለለቅሶ የሚረዳዱበት «አፎቻ» የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ የሴቶች አፎቻ ለብቻው አለ። የጀጎል ግንብ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙ የተወራው ስለ በሮቹና ስለ መስጊዶቹ ነበር። ግድግዳዎቹን ከውስጥ ያለበሷቸው እነዚህ ሴቶች ናቸው።

ሲኒው ከባሕር ማዶ ቢመጣም ጀበናው ከዚሁ ነው፤ የጀበናው ታሪክ ደግሞ ያን ያህል ደስ የሚል አይደለም። ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች በቀጨኔም ሆነ ጎንደር አጠገብ በወለቃ፣ የሠሩት ምጣድ፣ ድስትና ጀበና በየቤቱ ሲፈለግ እነርሱ ግን ይሸሹ ነበር። ጭቃ ቡኪ፣ ቡዳ ይባሉ ነበር። ልጅ ለልጅ አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም። በእጇ የሠራችውን ጀበና ገዝቶ፣ በጀበናው ቡና አፍልቶ፣ እርሷን ግን ከቡናው ላይ አለመጥራት፤ ይህ በአገራችን ለብዙ ዘመን እንደ ደንብ የኖረ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ እጁን አሠርቶ የሚበላውን ሁሉ የሚመለከት ዐዋጅ። ዐዋጁ ስድቡን ከገበያ ቀንሶት ይሆናል፣ ከቤት ግን ቶሎ አልወጣም። የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከማኅበራችን አባላት መካከልም እናታቸው ሸክላ ሠሪ እንደ ነበረች ለመናገር ዓመታት የፈጀባቸው አሉ። አሁን ይናገራሉ፤ ጀበና ስንገዛም የሚያስመርጡን እነርሱ ናቸው።

ወደ ልብሱ እንምጣ። «የክት» እና «የዘወትር» የሚሉት ቃላት እናቶቻችን ሀብታቸውን የሚከፍሉበት ሚዛን ነበሩ። የክት ማለት የሚከተት፣ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ነው፤ የዘወትር ማለት በየቀኑ ገላ ላይ ያለው። ቁም ሣጥን የሚባል ዕቃ ከመምጣቱ በፊት የአንዲት እመቤት ልብስ ሁሉ በአንድ የእንጨት ሣጥን ይገባ ነበር፤ ጥልፍ ያለው የክት ቀሚስ፣ ጥበብ ያለው ነጠላ፣ ጋቢ፣ መቀነት። በቃ። ለበዓል ሲወጣ በእጣን ይታጠናል፣ በዓሉ ሲያልፍ ታጥፎ ይመለሳል።

ልብሱ ትንሽ የሆነው ድህነት ብቻ አስገድዶ አይደለም፤ ከጅምሩ ብዙ እጅ የሚጠይቅ ስለሆነ ነው። ጥጡን መዳመጥ፣ መንደፍ፣ ባዘቶውን ማዘጋጀት፣ በእንዝርት ፈትሎ ድርና ማጉን መለየት የሴት ሥራ ነበር። ሸማኔው የሚሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ስማቸውን የተከሉት የጋሞና የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያ የተመሰገነ ነው፣ ይገባቸዋልም፤ ነገር ግን ጋቢ ሲመሰገን ፈታይዋን የሚያነሣ ጥቂት ነው። አንድ ጋቢ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አራት ድርብ ነው፤ ድሮ እያንዳንዱ ክር አንዲት ሴት ምሽት ላይ እሳት ዳር ተቀምጣ ያሾረችው ነበር። ከውጭ የመጣው አቡጀዲ ይህን ድካም አቀለለ። ብዙው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተዋዋለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጨርቅ ነው። ከዚያ በኋላ የጃፓን ጨርቅ መጥቶ ገበያውን ያዘው። አሁን ደግሞ በማሽን የታተመ «ጥበብ» በየሱቁ ተሰቅሏል። የሚገዛውን አንነቅፍም፤ ርካሽ ነው፣ ሰውም ለዓመት በዓል መልበስ አለበት። ግን የፈትሉን ልብስ በእጅ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ጨለማ ውስጥም አያጣውም።

ነጠላ አንድ ጨርቅ ሆኖ ብዙ ልብስ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስበት መንገድ አለ፣ ለሥራ ወገብ ላይ የሚታሰርበት አለ፣ ለለቅሶ የሚዘቀዘቅበት አለ። ጥበቡ የት እንደ ዋለ አይታችሁ ሴትዮዋ ከሠርግ ይሁን ከቀብር እንደምትመለስ ታውቃላችሁ። መቀነቱ ደግሞ ወገብ ማሰሪያ ብቻ አልነበረም፤ ከጫፉ የተቋጠረው ሳንቲም የእናቶቻችን ባንክ ነበር። የማኅበራችን የቁጠባ ደብተር ከዚያ ቋጠሮ የተወለደ ነው ብንል አላጋነንንም።

ስለ ማጠቡ አንድ ነገር ሳንጽፍ ብናልፍ ቅር ይለናል። ሳሙና እንደ ልብ ሳይገኝ ነጭ ልብስ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲገባ አረፋ ያወጣል፤ ሴቶች ወንዝ ወርደው ያጥቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሣው ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጠ፤ ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ሁሉም የጀመረው ነጠላ ሊነጣ ወንዝ ከወረደ ነው።

የቤት ሙያ ከቤት ወጥቶ የሕዝብ ሥራ የሆነበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ሲቋቋም ጣሊያን ድንበር ላይ ነበር፤ ጦርነቱ ሲጀመር መኳንንቱም ሌላዋም ሴት ተሰብስበው ለዘማቹ ልብስ ሰፉ፣ ለቁስለኛው ፋሻ አዘጋጁ። ቀሚስ ለመጥለፍ የተማረች እጅ ናት ፋሻ የቀደደችው። ማኅበሩ በወረራው ዘመን ተዘግቶ፣ ከነጻነት በኋላ እንደገና ሥራውን ቀጥሏል።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ዘንድሮ የብድር ኮሚቴያችን ፊት በቀረበ አንድ ማመልከቻ ምክንያት ነው። ባለቤቷን በሞት ያጣች አባላችን ረከቦት፣ ጀበናና ስድስት ሲኒ ለመግዛት ብድር ጠይቃለች። ለመሸጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አንድ ስብሰባ አይፈጅም ነበር፤ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ለሚያፈሉ እኅቶች ከዚህ በፊት አበድረናል፣ እነርሱም መልሰዋል። እርሷ ግን የጠየቀችው ለቤቷ ነው። በባሏ ሕመም ጊዜ ዕቃዋን አንድ በአንድ ሸጣለች። ለቅሶው ሲወጣ ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ እርሷም ጎረቤት ቤት ቡና ጠጥታ መልሳ መጥራት ስላልቻለች መሄድ አቆመች። ማመልከቻዋ ላይ የጻፈችው ይኸንኑ ነው፤ ከሰው ቤት መጠጣቱ ከብዷታል።

ደንባችን ብድር ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ እንደሚሰጥ ይላል። ከደጋፊዎቻችንም ገንዘባቸው በሪፖርት ላይ «ረከቦት» ተብሎ ሲያዩት ግር የሚላቸው ይኖራሉ፤ ግር ማለታቸውን አንቀየምም። እኛ የምንለው ቡና ላይ የማትጠራ ሴት ቀስ በቀስ ከእቁቡም፣ ከእድሩም፣ ከወሬውም እንደምትወጣ ነው። ሥራ ያለበትን ቦታ፣ የታመመች ጎረቤትን፣ ጥሩ የቤት ኪራይን የምንሰማው ቡና ላይ ነው። ይህ ጥቅሙ ነው። ጥቅም ባይኖረውስ? ጠርዙ ወርቅማ፣ ጎኑ አበባ ያለበት ሲኒ ታጥቦ ሲደረደር ማየት ደስ ይላል፤ ደሃ ሴትም ደስ የሚላት ነገር ቤቷ ሊኖራት ይገባል ብለን የምናምን ብዙዎች ነን። ሌሎች እኅቶች ደግሞ ዛሬ ለሲኒ ከፈቀድን ነገ ለቡፌና ለመጋረጃ እንጠየቃለን፣ ገንዘቡ የጋራ ነው ይላሉ። የእነርሱም ቃል ሚዛን አለው፤ ካዝናችንን እስከ ዛሬ ያቆዩት እንዲህ ጠንክረው የሚይዙ እጆች ናቸው።

በነገራችን ላይ ቡፌ ውስጥ የክት ተብሎ ቆልፈው ዓመት ከዓመት የሚያኖሩትን ሲኒ በተመለከተ እኛ አቋም አለን፤ አውጡትና ጠጡበት። ቢሰበርም ሐርላ ላይ እንደ ተገኘው ሆኖ ይቀራል።

የማኅበሩ ዕቃ ቤት ለለቅሶና ለድግስ የምናውሳቸው ሲኒዎች አሉት፤ ከሌላ ሰው ዕቃ እንዳይቀላቀሉ ታችኛቸው በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል። ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ ከእነዚህ ስድስቱ፣ ከአንድ አሮጌ ረከቦት ጋር፣ ለእኅታችን በውሰት ተሰጥተዋል። ጉዳዩ በመጪው ወር ጠቅላላ ስብሰባ ይታያል። ሐሳብ ያላችሁ አባላት በጽሑፍም በቃልም ለኮሚቴው ማቅረብ ትችላላችሁ።