ሃይብሪድ መኪና ከመግዛትዎ በፊት ነዳጅ ቆጣቢነቱን እንዴት ይለያሉ?

ሃይብሪድ መኪና በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ሞተር ተጋግዞ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ነው። ከውጭ የገባ መኪና "ሃይብሪድ" የሚል ጽሑፍ ስላለበት ብቻ ግን ነዳጅ ይቆጥባል ማለት አይደለም። ገዥዎች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት የሚከተሉትን ሊያረጋግጡ ይገባል።

የሞተር መለያ፦ ለአብነት የቶዮታ ፕሪየስ ሁለተኛ ትውልድ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር "1ኤንዜድ-ኤፍኤክስኢ"፣ የሦስተኛው ትውልድ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ደግሞ "2ዜድአር-ኤፍኤክስኢ" ይባላል። "ኤክስ" የምትለው ፊደል ሞተሩ በአትኪንሰን ዑደት እንደሚሠራ ታመለክታለች። በዚህ ዑደት የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ከተመሳሳይ ነዳጅ የበለጠ ሥራ ይገኛል፤ የሚቀንሰውን ጉልበት የኤሌክትሪክ ሞተሩ ያሟላል።

የሞተሩ መጥፋትና መነሣት፦ ሙሉ ሃይብሪድ ሲቆም ሞተሩ በራሱ ይጠፋል፤ በዝግታ ሲነዳም በባትሪ ብቻ ሊሄድ ይችላል። ሞተሩ ሞቆ፣ የአየር ማቀዝቀዣውም ጠፍቶ፣ ቶሎ ቶሎ የሚነሣ ከሆነ ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል።

ፍሬን፦ ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በመሆኑም ቁጠባው ጎልቶ የሚታየው መቆምና መነሣት በሚበዛበት የከተማ መንገድ እንጂ በረጅም አገር አቋራጭ ጉዞ አይደለም።

አቧራ፦ የፕሪየስን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር አጠገብ ነው። በገጠር መንገድ የሚያሽከረክር ሰው ይህን ማስገቢያ በየጊዜው ሊያጸዳ ይገባል፤ ሲደፈን ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ብርቱካናማ ገመዶች ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚያስተላልፉ ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም ሊነካቸው አይገባም።