ዳቦ ስለ ጎዳቸው ሕፃናትና ምክንያቱን ስላገኘው ሐኪም

(በራዲዮ ከተነገረው)



ለታመመ ሰው ከሚቀርበው ምግብ ሁሉ እንደ ለስላሳ ዳቦ የታመነ የለም። ሕፃን ልጅ ሆዱን ሲያመው እናቲቱ ወጡን ከልክላ ብስኩት በሻይ እየነከረች ታጐርሰዋለች፤ ሊጠይቅ የሚመጣውም ዘመድ ዳቦ ሳይዝ አይመጣም። ታዲያ ልጁን የሚያሳምመው ራሱ ዳቦው ቢሆንስ ማን ይጠረጥራል? ለብዙ ዘመን ማንም አልጠረጠረም። ዛሬ የማቀርብላችሁ የዚህን ጥርጣሬ ታሪክ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በሽታው ሴሊያክ ይባላል። በስንዴ፥ በገብስና ራይ በሚባለው የኤውሮጳ እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የስንዴ ሊጥ ሲለወስ እንደ ጎማ እንዲሳብ፥ ሲጋገርም ተነፍቶ እንዲቆም የሚያደርገው ይኸው ነው። አብዛኛውን ሰው አይጎዳውም። ነገር ግን ከትውልዳቸው ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ተፈጥሮ ካላቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ፥ የሰውነት ዘበኛ የሆነው የመከላከያ ኃይል ግሉተኑን እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል፤ በጦርነቱም የሚፈርሰው የራሱ የሰውየው ቀጭን አንጀት ነው። በዚህ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጠጕር የቆሙ እጅግ ጥቃቅን ጣቶች አሉ፤ የተፈጨውን ምግብ እየመጠጡ ወደ ደም የሚያስተላልፉት እነርሱ ናቸው። በሴሊያክ ጊዜ እነዚህ ጣቶች እየሟሹ ሄደው ገጹ ልሙጥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቢበላም እንዳልበላ ነው። ሕፃን ከሆነ ሆዱ ይነፋል፥ እጅና እግሩ ይቀጥናል፥ ያስቀምጠዋል፥ እድገቱ ይቀራል፥ ጠባዩም ይከፋል። በትልቅ ሰው ላይ ግን ሆዱን ሳያመው የደም ማነስ ወይም የአጥንት መሳሳት ብቻ ሊታይበት ይችላል፤ ስለዚህም ብዙ ሰዎች የበሽታቸውን ስም ሳይሰሙ ዘመናቸውን ይጨርሳሉ።

በሽታው አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ የነበረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ፥ ምግብ ሳይፈጭ እያለፋቸው የሚከሱትን በሽተኞች በግሪክኛ ጽፎላቸዋል። ኮይሊያ ማለት በግሪክኛ ሆድ ማለት ነው፤ የዛሬው ስም የወጣው ከዚሁ ነው። ከእርሱ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን እንለፈውና ወደ ለንደን እንሂድ።

በ1887 ዓ.ም. ሳሙኤል ጊ የተባለ ሐኪም በለንደን ከተማ በግሬት ኦርመንድ ጎዳና በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ስለዚህ በሽታ ንግግር አደረገ፤ በማግሥቱም ዓመት አሳተመው። ጊ አስተዋይ ሰው ነበረ። በሽተኛው የሚድን ከሆነ የሚድነው በምግብ ነው ሲል አስረዳ። ሩዝንና የመሳሰለውን ከለከለ። ቀጥሎ ግን በስሱ ተቈርጦ በሁለት ወገን የተጠበሰ ዳቦ ፈቀደ! የማይጎዳውን በደጅ አስወጥቶ የሚጎዳውን በመስኮት አስገባ ማለት ነው። ይኸው ሐኪም ስለ አንድ ሕፃን ይተርካል። ልጁ በየቀኑ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ፥ ከሆላንድ የሚመጣ በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ እየተመገበ እጅግ ተሻለው፤ የእንስሳው ወራት ሲያልፍ እንደ ገና ታመመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወራቱ ሲመለስ ግን ልጁ ያንን ምግብ አልቀምስም ብሎ እምቢ አለ። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ልጁን ያሻለው የባሕሩ እንስሳ አይደለም፤ በዚያ ሆዱ ስለ ሞላ ዳቦ የሚገባበት ቦታ ማጣቱ ነው።

የኒውዮርኩ ሐኪም ሲድኒ ሃስ በ1924 ያቀረበው ሕክምናም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሃስ ለልጆቹ ሙዝ በብዛት እየሰጠ ዳቦን፥ ብስኩትን፥ ድንችንና እህልን ሁሉ ከለከለ። ሊሞቱ የተቃረቡ ልጆች ተነሥተው ሄዱ። ምስጋናው ግን ለተከለከለው ዳቦ መሆኑ ቀርቶ ለተሰጠው ሙዝ ሆነ። ከዚህ ስሕተት የተነሣ ልጆቹ ድነዋል ተብለው ወደ ዳቦ ይመለሱ ነበር፤ በሽታቸው ግን ከእነርሱ ጋር ነበረ። መድኃኒቱን ማግኘትና ምክንያቱን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ደርሰናል። ቪለም ካሬል ዲኬ በ1905 በሆላንድ አገር በዶርድሬክት ከተማ ተወለደ። ገና በ31 ዓመቱ፥ በ1936፥ በሄግ ከተማ የሚገኘው የዩልያና ሕፃናት ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሆነ። ስለ እርሱ በብዙ ቦታ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ላይ፥ በመስከረም 1944 የሆላንድ የባቡር ሠራተኞች ሥራ ቢያቆሙ ጀርመኖች ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል እህል እንዳይገባ ከለከሉ። ያ ክረምት የረኀብ ክረምት ተባለ። ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀለ በላ፤ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። በዚህ ሁሉ መከራ መካከል ግን ሴሊያክ የያዛቸው ልጆች ከቀድሞው ይልቅ ተሻላቸው። በ1945 እርዳታ መጥቶ ሕዝቡ ነጭ ዳቦ ባገኘ ጊዜ እነዚሁ ልጆች ተመልሰው ታመሙ። ሌላው ሕፃን በረኀብ ሲጠወልግ እነርሱ ለመለሙ፤ አገር በዳቦ ሲደሰት እነርሱ ወደቁ።

ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ዲኬ ስንዴን የጠረጠረው ከረኀቡ በፊት ነበረ። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት አንዲት ወጣት እናት ሴሊያክ ያለበትን ልጅዋን አስመልክታ ዳቦ በከለከልሁት ጊዜ በገላው ላይ የሚወጣው ሽፍታ ፈጥኖ ይሻለዋል የሚል ነገር ነግራ ነበር። ዲኬ ይህን ነገር አልናቀውም። በ1941 ስለ በሽታው ቀላል የአመጋገብ ሕክምና በሆላንድ የሕክምና መጽሔት ጽሑፍ አወጣ። ረኀቡ ጥርጣሬውን አጠነከረለት እንጂ አልወለደለትም። እኔ ከሁለቱ ታሪኮች የምመርጠው የእናቲቱን ነው። የባሰ ረኀብ በብዙ አገር ደርሷል፤ የሚያዳምጥ ሐኪም ባይኖር ኖሮ የሆላንዱም ረኀብ ምንም ሳያስተምር ባለፈ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ዲኬ ነገሩን በማስረጃ ሊያጸና ተነሣ። ጥቂት ልጆችን ለረጅም ጊዜ እየተከታተለ፥ አንድ ወቅት ስንዴ ያለበት፥ ሌላ ወቅት ስንዴ የሌለበት ምግብ እያበላ፥ ክብደታቸውንና ቁመታቸውን መዘገበ። የተሻለውን ልጅ መልሶ ስንዴ ማብላት ለሐኪምም ለወላጅም የሚከብድ ነገር እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ያለዚያ ማንም አያምነውም ነበር፤ ዳቦ ጎጂ ነው ብሎ መናገር ለዳቦ በሊታ ሕዝብ ቀላል ንግግር አይደለምና። ቫን ደ ካመር የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ደግሞ ከልጆቹ ዓይነ ምድር ጋር ሳይፈጭ የሚወጣውን ቅባት መለኪያ ዘዴ አዘጋጀ። ስንዴ ሲበሉ ቅባቱ ይጨምራል፤ ስንዴ ሲቀር ቅባቱ ይቀንሳል። ዲኬ በ1950 ይህን ሁሉ ለዩትረክት ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ጽሑፍ አድርጎ አቀረበ። በ1952 የእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ሐኪሞች ጉዳቱ ከግሉተኑ እንጂ ከስታርቹ አለመሆኑን አረጋገጡ። በ1954 ደግሞ ፖሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበሽተኞች አንጀት የተወሰደ ቅንጣቢ መርምሮ የጠፉትን ጣቶች አየ። ዲኬ በ1962 በ57 ዓመቱ ሞተ። የሰውነት መከላከያ የሚነሣበትን የራስ ፕሮቲን የጀርመን ተመራማሪዎች ያገኙት ከዚያ 35 ዓመት በኋላ፥ በ1997 ነው፤ ዛሬ በደም የሚደረገው ምርመራ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ በሽታ ከምግብ ጥንቃቄ በቀር የታወቀ ፈውስ የለም። ጥንቃቄውም የአንድ ወር ወይም የአንድ ዓመት ሳይሆን የዕድሜ ልክ ነው። በምግብ ላይ ግሉተን የለበትም ብሎ ለመጻፍ በ2008 የተወሰነው ዓለም አቀፍ መመዘኛ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም የበለጠ ግሉተን እንዳይገኝ ያዛል። ይህ ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ወጥ ቤት የምታውቅ ሴት ትረዳዋለች፤ በዳቦ ቢላዋ ላይ የቀረ ፍርፋሪ ቀላል ነገር አይደለም ማለት ነው።

ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። በዓለም ከመቶ ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል፤ በ1999 በታተመ ጥናት በምዕራብ ሰሐራ ሕዝብ ልጆች መካከል ከመቶው ከአምስት የሚበልጡት ተይዘው ተገኝተዋል። ተቅማጥና ክሳት በአገራችን ብዙ ምክንያት ስላላቸው፥ ሕመሙን በትል ወይም በአሜባ ማመካኘትና መድኃኒት ደጋግሞ መዋጥ ቀላል ነው።

የእኛ አገር ሰው ግን አንድ ታላቅ ዕድል አለው። ጤፍ ግሉተን የለውም። በ2005 በዚያው በሆላንድ አገር፥ በላይደን ከተማ፥ 14 የጤፍ ዓይነቶች ተመርምረው የበሽተኞችን ሰውነት የሚያስቈጣ ነገር እንዳልተገኘባቸው በሕክምና መጽሔት ታትሟል። (የጤፍ ዱቄት በኤውሮጳ እስከዚህ በመወደዱ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የፈጠራ መብት ይዞበት ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ሽሮታል።) ሌላው በውድ ዋጋ ልዩ ዱቄት ሲፈልግ እኛ በየቀኑ የምንበላው እንጀራ ለበሽተኛው የተስማማ ነው።

ነገር ግን ዕድሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከገበያ የተገዛው እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ጠይቁ። ጤፉ ንጹሕ ቢሆንም ስንዴ ከተፈጨ በኋላ ሳይጠረግ በዚያው ወፍጮ ቢገባ ዱቄቱ ይቀላቀላል። ከጎረቤት የመጣ እርሾም ከምን ሊጥ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ለደከመ ሰው የሚበጠበጠው በሶ ገብስ ነው፤ ቆሎውም፥ ጭኮውም፥ ብዙውን ጊዜ ቂንጬውና ገንፎውም ከገብስ ወይም ከስንዴ ነው፤ ጠላና ቢራም ከዚሁ ይገባሉ። በተለይ አጃ በሚለው ቃል ተጠንቀቁ። በከተማ ለአጥሚት የሚገዛው አጃ አንድ እህል ነው፤ በአንዳንድ አገር አጃ የሚባለው ግን የስንዴ ወገን የሆነ ሌላ እህል ነውና ለበሽተኛው እንደ ስንዴ ይጎዳዋል። የከተማውም አጃ ቢሆን ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚደባለቅ ያለ ሐኪም ምክር አይበላም።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው የሰው ፊት ነው። በጠበል ጻዲቅ ላይ ድፎ ተቈርሶ ሲታደል እጁን የሚሰበስብ ሰው ኩሩ ይመስላል፤ በሞቴ፥ አፈር ስሆን እየተባለ ሲለመን እምቢ ማለት ለባለቤቱ ስድብ ነው። ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ የሚለው ቃል ከልብ ፍቅር የሚወጣ ቢሆንም ትንሹ በቂ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1968 የሴሊያክ በሽተኞች ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ አምነስቲ ኢንተርናሽናልን ያቋቋመው ፒተር ቤነንሰን ነበረ፤ እርሱም ይኸው በሽታ ነበረበት። ስለ እስረኞች መብት ለዓለም የተናገረ ሰው በገበታ ላይ ስለ ዳቦ ለማስረዳት ማኅበር አስፈልጎታል።

ምልክቱን በራሳችሁ ወይም በልጃችሁ ላይ ያያችሁ አንባብያን ዳቦውን ዛሬውኑ አትተዉ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የደሙም ሆነ የአንጀቱ ምርመራ በሽታውን የሚያሳየው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው፤ አስቀድሞ የተወ እንደ ሆነ አንጀቱ መዳን ይጀምርና ሐኪሙ የሚያየውን ያጣል። ምርመራው በሽታውን ካረጋገጠ በኋላ ለበሽተኛው የራሱን መሶብ፥ የራሱን ሌማትና የራሱን ማሰሻ ለዩለት፤ ጤፉም ወፍጮው በማለዳ ከተጠረገ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ ይፈጭለት። የተሟሹት ጣቶች በሕፃን በወራት፥ በትልቅ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ በሚፈጅ ጊዜ ተመልሰው ይበቅላሉ።