ከጭንቀት ሩቅ፦ የሁለት የታይላንድ የባሕር ዳርቻዎች የመዝናኛ ታሪክ



ሰነድ ሲባል ለታሪክ ተማሪ ቶሎ ትዝ የሚለው ደብዳቤ፣ ውል ወይም ዜና መዋዕል ነው። ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ሰነድ ግን እጅግ ተራ ነው። በታይላንድ ባሕር ዳርቻ ሆቴል ያረፈ እንግዳ ከመቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚያነሣው የቀን መርሐ ግብር ነው። ጠዋት ጎልፍ፤ ረፋድ ላይ የሸራ ጀልባ፤ ከቀትር በኋላ የዝሆን ትርኢት፤ ማታ የመጠጥ ቤቶቹ ጎዳና። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ዋጋው ተጽፏል። ማን እንደጀመረው፣ መቼና ስለምን እንደጀመረው ግን አልተጻፈም። የዛሬው ንግግሬ ይህን ያልተጻፈውን ክፍል ለማንበብ የሚደረግ ሙከራ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። መዝናኛ እንደ ሣር ከአሸዋው ላይ በራሱ የሚበቅል ነገር አይደለም። በዚያ መርሐ ግብር ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር አንድ ኃይል ሲያልፍ የተወው አሻራ ነው። ይህንም በሁለት ከተሞች አማካይነት አሳያለሁ። ከባንኮክ በስተ ደቡብ የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ይከፈታል። በምዕራቡ ዳርቻ ሁዋ ሂን፣ በምሥራቁ ዳርቻ ፓታያ ይገኛሉ፤ ባሕሩን መካከል አድርገው በሁለት ወገን የቆሙ ከተሞች ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለቱም በፊት ግን አንዲት ደሴት ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ለበሽተኞቻቸው የባሕር አየር ያዝዙ ነበር፤ ይህ ልማድ በዚያ ዘመን ሲያም ትባል ወደነበረችው ታይላንድ ቤተ መንግሥትም ገባ። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በሲ ቻንግ ደሴት ላይ የበጋ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ የታመሙ ቤተሰቦቻቸውም በዚያ ያገግሙ ነበር። በ1893 ፈረንሳይ ከሜኮንግ ወንዝ ማዶ ስላለው ግዛት ከሲያም ጋር በተጋጨች ጊዜ የጦር መርከቦቿ ወደ ባንኮክ ዘልቀው ገቡ፤ ደሴቲቱም በፈረንሳይ ወታደሮች ተያዘች። ግንባታው ተቋረጠ። ከቲክ እንጨት የተጀመረው አዳራሽም ኋላ ተነቅሎ ወደ ባንኮክ ተወሰደና ዛሬ ቪማንሜክ የሚባለው ቤት ሆነ። እንግዲህ የመጀመሪያው የባሕር ዳር ማረፊያ የተዘጋው በጦር መርከብ ነው። ለጎብኚ መዝናኛ የሆነው ዳርቻ ለመንግሥት ድንበር መሆኑን ይህ ታሪክ ከመነሻው ያስታውሰናል።

አሁን ወደ ሁዋ ሂን እንለፍ። ይህች የዓሣ አጥማጆች መንደር ከባንኮክ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዕጣዋን የለወጠው ወደ ደቡብ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ነው፤ በ1911 ሁዋ ሂን ደረሰ። ሐዲዱ የተዘረጋው ለሽርሽር አልነበረም፤ እስከ ማላያ ድንበር ያለውን ሩቅ ግዛት ከመናገሻው ጋር ለማሰር ነበር። ይሁን እንጂ ባቡር ተሳፋሪ ይፈልጋል። የባቡር መሥሪያ ቤቱ የበላይ የነበሩት ልዑል ፑራቻትራ፣ የቹላሎንግኮርን ልጅና በእንግሊዝ አገር የተማሩ ሰው፣ ይህን በሚገባ ተረድተውት ነበር። በ1923 የባቡር ሆቴል የተባለው ማረፊያ ተከፈተ፤ በ1924 ደግሞ ከጣቢያው አጠገብ የጎልፍ ሜዳ ተጀመረ። በመርሐ ግብራችን ላይ የመጀመሪያው መስመር፣ የጠዋቱ ጎልፍ፣ እንግዲህ የባቡር መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። እንግዳው ቀዝቀዝ ባለው የማለዳ አየር የሚመታት ኳስ የምታርፈው አንድ መንግሥት ግዛቱን ለመጠቅለል ባደረገው ጥረት ዳር ላይ ነው።

ከዚያም ንጉሥ ፕራጃዲፖክ በዚያው ዳርቻ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ስሙንም ክላይ ካንግዎን አሉት። ትርጉሙ «ከጭንቀት ሩቅ» ማለት ነው። ይህ ስም በታሪክ ፊት እንዴት እንደተፈተነ ልብ በሉ። ጁን 24 ቀን 1932 የሕዝብ ፓርቲ የተባለው የመኮንኖችና የሲቪል ሠራተኞች ቡድን በባንኮክ ሥልጣን ሲይዝ ንጉሡ በሁዋ ሂን ነበሩ፤ ወሬው የደረሳቸው ጎልፍ ሲጫወቱ እንደነበረ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ንጉሡ በዚያው የባቡር ሐዲድ ወደ ባንኮክ ተመለሱ፤ ፍጹማዊው የንጉሥ አገዛዝም አበቃ። በ1935 ዙፋናቸውን ለቀቁ። በመኳንንት መዝናኛነት የተጀመረው የሁዋ ሂን ጎልፍ ግን ከአገዛዙ ውድቀት በኋላም ቀጠለ፤ ዛሬ ክፍያውን የቻለ ማንኛውም ሰው ይጫወተዋል።

አሁን ማዶ ወደ ፓታያ እንሻገር። እዚህ ላይ ታሪኩ የእኛንም ደጅ በጥቂቱ ይነካል። በኮሪያ ጦርነት ኢትዮጵያም ታይላንድም ወታደሮቻቸውን በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር አሰልፈዋል፤ ሁለቱም ከአሜሪካ ክፍለ ጦሮች ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል። በዚያ ጦርነት የአሜሪካ ጦር አንድ ሥርዓት ዘረጋ፦ ወታደሩን ለጥቂት ቀናት ከግንባር አንሥቶ ወደ ጃፓን መላክ፣ አሳርፎም መመለስ። ከቃኘው ሻለቃ ጋር የዘመቱ አጎቴ ስለዚያ ፈቃድ ሲያወሩ ከቶኪዮ መብራት ይልቅ ሙቅ ውኃውንና ንጹሑን አንሶላ ያነሡ ነበር። በመጨረሻም ዘወትር አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር፤ ዕረፍቱ የተሰጣቸው ተመልሰው እንዲዋጉ እንጂ እንዲያርፉ እንዳልነበረ። እኔም ፓታያን ማጥናት ስጀምር ይህ የአጎቴ ቃል ከብዙ ገጽ ጥናት የበለጠ ጠቅሞኛል።

ያ ሥርዓት በቬትናም ጦርነት ዘመን ወደ ታይላንድ ተሻገረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች ቁጥር ወደ 50,000 ተጠጋ። ከፓታያ በስተ ደቡብ የሚገኘው የኡ-ታፓዎ የጦር አየር ማረፊያ በ1966 ሥራ ጀመረ፤ በ1967 ደግሞ ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሰፈሩበት። በዚያው ዓመት በቬትናም የሚዋጉ ወታደሮች ለዕረፍት ወደ ታይላንድ እንዲመጡ ስምምነት ተደረገ። ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደርና የጥቂት ባንኮካውያን የሰንበት ማሳለፊያ የነበረችው ፓታያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሆቴልና መጠጥ ቤት የተደረደረባት ከተማ ሆነች። ከገጠር፣ በተለይም ከድሃው የሰሜን ምሥራቅ ክፍል፣ ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ ፈለሱ። በመርሐ ግብራችን የመጨረሻው መስመር፣ የማታው ጎዳና፣ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። የአንዱ ዕረፍት የሌላዋ የሌሊት ሥራ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው ባሕር ላይ፣ በዚያው ዘመን፣ ሌላ ታሪክም ይጻፍ ነበር። ኤፕሪል 19 ቀን 1966 ንጉሥ ቡሚቦል ከሁዋ ሂን፣ ከክላይ ካንግዎን ቤተ መንግሥት ዳርቻ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የሸራ ጀልባ ተነሥተው ባሕረ ሰላጤውን አቋርጠው ከፓታያ በስተ ደቡብ ሳታሂፕ ደረሱ። ርቀቱ 60 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ ከንጋት በፊት ተነሥተው የደረሱት ሌሊት ነበር። በዲሴምበር 1967 በደቡብ ምሥራቅ እስያ ልሳነ ምድር ጨዋታዎች ላይ በፓታያ በተደረገው የሸራ ጀልባ ውድድር ንጉሡና ልዕልት ኡቦል ራታና የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ዲሴምበር 16 ቀን ዛሬም በታይላንድ የብሔራዊ ስፖርት ቀን ሆኖ ይታሰባል።

እንግዲህ ዓመቱን ልብ በሉ። በአንድ ዓመት፣ በ1967፣ በአንድ ዳርቻ ላይ ቦምብ ጣዩ ሰፈረ፣ የወታደሩ ዕረፍት ተፈቀደ፣ ንጉሡም በሸራ ጀልባ አሸነፉ። በይፋ የሚከበረው ሦስተኛው ብቻ ነው። ይህን ስል የንጉሡን ድል ለማሳነስ አይደለም፤ የባሕሩን ነፋስ አውቆ ሙሉ ቀን ብቻውን የተጓዘ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ዳርቻ በአንድ ጊዜ ብዙ ትዝታ ይሸከማል፤ መታሰቢያ የሚቆምለትን የሚመርጠው ባሕሩ ሳይሆን ሰው ነው።

የአሜሪካ ጦር በ1976 ከታይላንድ ወጣ፤ ሆቴሎቹ ግን አልወጡም። ባዶው አልጋ ሌላ እንግዳ ፈለገ። በ1960 የተቋቋመው የአገሪቱ የቱሪዝም ድርጅት በ1979 በአዲስ ሕግ ተጠናከረ፤ ፓታያም በ1978 የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ሆነች። በአቅራቢያዋ ለፍራፍሬ እርሻ ተገዝቶ የነበረው የኖንግ ኑች መሬት በ1980 የአትክልት ስፍራ ሆኖ ለጎብኚዎች ተከፈተ። እዚያም ከአበባው ጋር የዝሆን ትርኢት ይታያል። ዝሆኑ ወደዚህ ሥራ እንዴት መጣ? በኖቬምበር 1988 በደቡብ ታይላንድ ታላቅ ጎርፍ ደረሰ፤ ከተመነጠረ ተራራ ላይ የወረደ ጭቃና ግንድ መንደሮችን አጠፋ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሞቱ። በጃንዋሪ 1989 መንግሥት በተፈጥሮ ደን ውስጥ የግንድ ቆረጣን ከለከለ። እገዳው ለደኑ መልካም ነበር። ግንድ በመጎተት ይኖሩ የነበሩት ዝሆኖችና ነጂዎቻቸው ግን ሥራ ፈቱ፤ ብዙዎቹም ወደ ከተማና ወደ ቱሪስት ስፍራ ተሰደዱ። ጎብኚው ያጨበጨበለት ዝሆን የአገር ባህል ብቻ አይደለም፤ ሥራው የተዘጋበት ሠራተኛም ነው።

የዚህ ሁሉ ጥገኝነት ልክ የታየው በወረርሽኙ ጊዜ ነው። በ2019 ወደ ታይላንድ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ የውጭ ጎብኚዎች ገብተው ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ወደ 7 ሚሊዮን ገደማ ወረደ፤ አብዛኞቹም የገቡት ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ትርኢት ሲቆም አንዳንድ ነጂዎች ዝሆኖቻቸውን እየመሩ በእግር ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመለሱ። የቀኑ መርሐ ግብር በአንድ ጊዜ ባዶ ወረቀት ሆነ።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤ ይህን ሁሉ ያልሁት ማንም ወደ ባሕር እንዳይሄድ፣ ወይም ሄዶ በጸጸት እንዲቀመጥ አይደለም። ማረፍ የሰው መብት ነው። ነገር ግን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ የቱሪዝም ዕቅድ ትጽፋላችሁ፣ የሐይቅ ዳር መሬት ለማን እንደሚሰጥ ትመክራላችሁ፣ ወይም ስለ እነዚህ ነገሮች ታስተምራላችሁ። ያን ጊዜ ከዋጋው ዝርዝር በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቦታው ከዚህ በፊት የማን ነበር? ይህን መዝናኛ ወደዚህ ያመጣው ማን ነው? እንግዳው ሲያርፍ የሚሠራው ማን ነው? በሁዋ ሂን ሜዳ ላይ ኳሱን የመቱት ልዑላን ስማቸው ተጽፏል፤ ዱላውን የተሸከመላቸው ሰው ስም ግን የለንም። የታሪክ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ከጎደለው ስም ነው።

አንድ ንጉሥ ቤቱን «ከጭንቀት ሩቅ» ብሎ ሊሰይም ይችላል። ዳርቻው ግን ከታሪክ ርቆ አያውቅም።