ደካማው ተጫዋች ሲያሸንፍ፦ ዕድል ነው ወይስ የመለኪያ ስህተት?

ጎብዬ ውስጥ ቼዝን ከስልኩ የተማረ አንድ ተማሪ አስቡ። አሠልጣኝ የለውም፣ መጽሐፍ የለውም፣ የሚጫወትበት ክለብም የለም። አንድ ቀን ደሴ ሄዶ ውድድር ይገባና በጣም የሚበልጠውን ተጫዋች ያሸንፋል። ያየ ሁሉ «ዕድል ነው» ይላል። እሺ፣ ዕድል ይሁን። በማግስቱ ሌላ ጠንካራ ቢያሸንፍስ? ከዚያ ሌላ ቢደግምስ? ከስንተኛው ድል በኋላ ነው «ዕድል» ማለታችንን የምናቆመው?

በግምት የምንመልሰው አይደለም፤ ቁጥር አለው። አርፓድ ኤሎ የሚባል ሀንጋሪ የተወለደ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር የቼዝ ተጫዋቾችን ጥንካሬ በነጥብ የሚለካ ዘዴ ሠራ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀበለው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። የዘዴው ልብ ቀላል ነው። የሁለት ተጫዋቾች ነጥብ እኩል ከሆነ እያንዳንዱ ከጨዋታው ግማሽ ነጥብ ይጠበቅለታል። የ200 ልዩነት ካለ ጠንካራው 0.76፣ የ400 ከሆነ ደግሞ 0.91 ይጠበቅለታል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። 0.91 ማለት 1 አይደለም። ደካማው ከ11 ጨዋታ ወደ አንድ ነጥብ ያህል «መብት» አለው ማለት ነው። እኩል መውጣትን ለጊዜው እንተወውና፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ ከ11 አንድ የማሸነፍ ዕድል ያለው ሰው 11 ጊዜ ቢጫወት ቢያንስ አንዴ የማሸነፍ ዕድሉ 65 በመቶ ነው። (10ን ለ11 አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ 11 ጊዜ አባዙ፣ ከ1 ቀንሱ። ስልካችሁ ላይ ሞክሩት።)

ስለዚህ አንድ ድል ምንም አያስገርምም። እንዲያውም በጭራሽ ባይከሰት ነበር ሒሳቡን የምንጠረጥረው።

ተከታታይ ድል ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ጉዳዩን በመለኪያ መሣሪያ ነው የማየው። አንድ ቴርሞሜትር አንዴ ዘሎ ቢያሳይ «ረብሻ ነው» ብለን እናልፋለን። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ካሳሳተ ግን ችግሩ ያለው ከአየሩ አይደለም፣ ከመሣሪያው ነው። ደካማ የተባለ ሰው ጠንካሮችን ደጋግሞ ሲያሸንፍም «እንዴት አሸነፈ?» ከማለት ይልቅ «ደካማ ያለው ማነው? በምን ለክቶ?» ማለቱ ይሻላል።

ለዚህ እኔ የማውቀው ትልቁ ምሳሌ ሱልጣን ኻን ነው። የተወለደው ዛሬ ፓኪስታን በሆነው የፑንጃብ ክፍል ሲሆን፣ ቼዝ ያስተማረው አባቱ ነው። የተማረው ግን የሕንድን ቼዝ ነበር። በዚያ ጨዋታ ወታደሩ በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት መዝለል አይችልም፤ ሌሎችም የሚለያዩ ሕጎች አሉ። ኡመር ሀያት ኻን የሚባል ባለጸጋ መሬተኛ ችሎታውን አይቶ ወሰደው፤ የአውሮፓን ሕግም ተማረ። በ1928 የሕንድ ሻምፒዮን ሆነ። በ1929 ጸደይ ከጌታው ጋር ለንደን ገባ። ደመወዝተኛ ተጫዋች አልነበረም፤ በዚያ ቤት ውስጥ የተቆጠረው ከአገልጋይ ነበር። የእንግሊዝኛ የቼዝ መጻሕፍትን አንብቦ የመጫወቻ መክፈቻዎችን ማጥናትም አልቻለም። ለንደን ላይ የመጀመሪያ ውድድሩ አላማረለትም። በዚያው ዓመት በጋ ግን ራምስጌት ላይ የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ!

«ዕድል ነው» በሉ። በ1930 መጨረሻ በሄስቲንግስ ውድድር ከካፓብላንካ ጋር ተቀመጠ። ካፓብላንካ ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ኩባዊ ነው፤ ከ1916 እስከ 1924 አንድም የውድድር ጨዋታ አልተሸነፈም። ሱልጣን ኻን ንግሥቱን ለሁለት ግንብ ለወጠ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ እያጠበበ፣ በ65 እርምጃ አሸነፈው። በ1931 ታርታኮወርን በ12 ጨዋታ ግጥሚያ 6.5 ለ5.5 ረታ። በዚያው ዓመት በፕራግ ኦሊምፒያድ ሩቢንስታይንንና ፍሎርን አሸንፎ፣ ከጊዜው የዓለም ሻምፒዮን ከአሌኺን ጋር እኩል ወጣ። የብሪታንያን ሻምፒዮና በ1932ም በ1933ም ደገመው። እዚህ ላይ ዕድል የሚለው ቃል ያበቃል።

የሚያስደንቀኝ ሌላው ነገር በ1933 የብሪታንያን የሴቶች ሻምፒዮና ያሸነፈችው ማን እንደሆነች ነው። ፋጢማ ትባላለች፤ እሷም የዚያው የኡመር ሀያት ኻን ቤት አገልጋይ ነበረች። ከአንድ ቤት ሁለት! ለንደን የቼዝ ጠንካሮችን ስትቆጥር አገልጋዮቹን አልቆጠረችም ነበር፣ በቃ።

ሱልጣን ኻን ወዴት ጎበዝ፣ ወዴት ደካማ እንደነበር ብታዩ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የሚቸገረው በመክፈቻ ነበር፤ ሌሎች ከመጽሐፍ ያጠኑትን እሱ ቁጭ ብሎ ማሰብ ነበረበት። ጨዋታው ገፍቶ መጽሐፍ የማይደርስበት ሲገባ ግን ከዓለም ምርጦች እኩል ነበር። ልዩነቱ የአእምሮ ሳይሆን የቤተ መጻሕፍት ነበር ማለት እንችላለን።

አሁን ወደ እኛው አገር እንመለስ። መጽሐፍ ማጥናት ጨርሶ የማይጠቅምበት ቼዝ ቢኖርስ? ነበረን እኮ። ሰንጠረዥ የዛሬ ቼዝ ስም ብቻ አይደለም፤ የራሱ ሕግ ያለው የኢትዮጵያ ጨዋታ ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ቢቺኒ የሚባል የቬኒስ ሰዓሊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደነበር ተመዝግቧል። ሕጉን በዝርዝር ከጻፉት አንዱ ዋልተር ፕላውደን ነው። ጎብዬን አልፋችሁ ወደ ወልድያ ስትወጡ የምታገኙት የየጁ አገር ነው፤ የዚያ ቤተሰብ ተወላጅ ከነበሩት ከራስ ዓሊ ጋር በ1849 ውል የተፈራረመው የእንግሊዝ ቆንስል እሱ ነበር። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1868 ነው።

ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ በመስመር የተከፈለ ቀይ ጨርቅ ነበር። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር፣ መደቅ። መደቁ እንደ ሕንዱ ወታደር አንድ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ዋናው ጉድ ግን አጀማመሩ ነው። «ወረራ» ይሉታል። ተራ የለም! ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እየተያዩ፣ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሁኔታ የቃል ጥናት ምን ይረዳል? ተጋጣሚያችሁን ማየት እንጂ።

አጨራረሱም ለጠንካራው ቀላል አይደለም። የተጋጣሚን ጦር ጨርሶ በልቶ ንጉሡን ብቻውን ካስቀሩት በኋላ ማት ማድረግ አይፈቀድም። አንድ ነገር ሳይበሉ መተው ያስፈልጋል፣ ያም እስከ መጨረሻው ሊያስቸግር ይችላል። በደር ወይም በፈረስ የተገኘ ማት ብዙ አያስከብርም ነበር፤ የሚጨበጨብለት በመደቆች የተገኘው ነው። እንግዲህ ጉልበተኛው በጉልበቱ ብቻ ጠርጎ እንዳያሸንፍ ሕጉ ራሱ ያስቸግረዋል። ሱልጣን ኻን ይህን ጨዋታ ቢያገኝ ኖሮ፣ ያቺ አንዲት ድክመቱ በወረራ ትጠፋለት ነበር ብዬ አስባለሁ።

እሱ በ1933 መጨረሻ ከጌታው ጋር ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አውሮፓ ዳግም አላየውም። በ1966 ሞተ። ፊዴ የግራንድማስተር ማዕረግ የሰጠው በየካቲት 2024 ነው፣ ከሞተ ከ57 ዓመት በላይ ቆይቶ።

እናንተም ልትለኩት ትችላላችሁ። ሁሌ ከሚያሸንፋችሁ ጓደኛችሁ ጋር 20 ጨዋታ በተለመደው ሕግ ተጫወቱ፣ ውጤቱን ጻፉ። ቀጥሎ 20 ጨዋታ በወረራ ጀምሩ፤ ወታደሮቹ አንድ አንድ ቤት ብቻ ይሂዱ፣ የመጀመሪያው እስኪበላ ተራ አይኑር። ሁለቱን ቁጥሮች አወዳድሩ። በሁለተኛው ነጥባችሁ ከፍ ካለ፣ ጓደኛችሁ የሚበልጣችሁ በምን እንደነበር ታገኙታላችሁ። ካልጨመረ ደግሞ፣ ያው፣ እውነትም ይበልጣችኋል።